የልጅ ክንድ እስከሚደርስ

ከማዘጋጃ ቤት ነው የመጣሁት፤ ቅጽ ይዤ፣
ሜትር በኪሴ ከትቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ መዝዤ።

ግንቡ ከፍታው አሥራ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ እስከ ወንዙ አፍ፤
ከዚያ ክፉ ውኃ ወዲህ ያቆምነው፣ ሌላ ማዕበል እንዳያልፍ።
ሺዮዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትተኛለች ያለ ሥጋት፤
ባሕሯን ግን አታይም። ድምፁ ብቻ ነው የቀራት፣
ከሲሚንቶው ማዶ ሌሊት ሌሊት የሚያጉተመትም፣
ግድግዳ እንደሚጋራ ጎረቤት፤ ትሰማዋለህ፣ አታየውም።

ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ልጅ፣ ሰባ ሦስት ወንበር አለው፤
መጋቢት ላይ ይዘጋል፤ ያንንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው።

መምህርት ናቶሪ አንድ ጠዋት ማመልከቻ ይዛ መጣች፤
«ልጆቹ ለሰፈሩ አንድ ነገር ይሥሩ፤ ግንቡን ይቀቡት» አለች።
ፈቀድኩ። ፈቃድ መቼም ያለ «ነገር ግን» አይጻፍም፦
«መሰላል ክልክል ነው። ልጅ እግሩ ከመሬት አይነሣም።
ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?» ፈረምኩ፤ ማኅተም አሳረፍኩ፤
ስለ ባሕር አንድ ቃል ሳልጽፍ አቃፊውን ከደንኩ።

ልጆቹ ቤት ለቤት ዞሩ፤ የዛገ ጣሳ ለቀሙ፣
ከጀልባ የተረፈ ሰማያዊ፣ ከአጥር የቀረ ነጭ ተሸከሙ።
በየደጃፉም ቆመው ጠየቁ፣ ደብተር ዘርግተው፦
«በዚህ መስኮት ይታይ የነበረው ባሕር፣ መልኩ ምንድን ነው?»
ወይዘሮ ፉሚኖ «አረንጓዴ» አለች፣ «ሁለቴ የተቀዳ ሻይ»፤
ጎረቤቷ «ኧረ ወዲያ! የቢላ ጀርባ ነው፤ አንቺ ደግሞ መች ዓይንሽ ያይ!»
ሪኩቶ ሁሉንም ጻፈ፤ የተጣላውንም፣ የተስማማውንም።

ቶኩዞ ግን አልመለሰም። አርባ ዓመት ጀልባ የነዳ፣
ጀልባውንና ወንድሙን ባንድ ቀን ለውኃ የከፈለ እንደ ዕዳ፤
በሩን ዘጋ። ቺሃያ፣ ስምንት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
ከስሙ ትይዩ ባዶ ተወች፤ መስመሩ ነጭ እንደሆነ ዘለቀ።

አራት ቅዳሜ ቀቡ፤ ብርዱ ጣት ያደርቅ ነበር፤
ሁለቱ በብሩሽ ተደባደቡ፣ ማዕበል ወዴት እንደሚዞር።
ሆዙሚ ከዓሣው መሐል ውሻ ሣለች፤ ለምን ሲሏት
«ዋና ይችላል» አለች፤ አበቃ፤ ማንም አልመለሰላት።

በአምስተኛው ቅዳሜ ሄድኩ፤ ሜትሬን ዘረጋሁ፤
«ቁመት» የሚለውን ልሞላ ከግንቡ ሥር ቆሜ አየሁ፦
ባሕሩ አንድ ሜትር ከሠላሳ፤ ከዚያ በላይ ሲሚንቶ፤
የተቀባው እስከዚያው ነው፣ ተረከዝ ተነሥቶ፣ ክንድ ተዘርግቶ።
አድማሱ ደረቴ ጋ። የተዘረጋ ሰሌን መሰለኝ፤
«ያልተሟላ» ብዬ ልጽፍ እጄን በላኝ።

ያኔ ወንበሮቹ መጡ።
ሊዘጋ ካለው ክፍል፣ ሁለት ሁለት እየተሸከሙ፣
ሥልሳ ሁለቱን ትርፍ ወንበር ከግንቡ ፊት አቆሙ።
የሕፃን ወንበር ናቸው፤ ጉልበት አገጭ የሚነካባቸው፤
መንደሩን ጠሩት፤ እያቃሰቱ ተቀመጡ ሽማግሌዎቻቸው።

ቶኩዞ ዘግይቶ መጣ፤ ጥግ ካለው ወንበር ሰጠመ፤
ራሱ ከአድማሱ ሥር ዝቅ አለ፤ ባሕሩም ከፊቱ ቆመ።
ቺሃያ አጠገቡ ሄዳ ደብተሯን ገለጠች፤
ባዶዋን መስመር አሳየችው፤ እርሳሷን አቀበለች።
«እንደዚህ አልነበረም» አለ። ዝም። ደግሞ ቀጥሎ፣
«ልጅ ሳለሁ ግን፣ ከአባቴ ጀልባ ወለል ቁጭ ብዬ ሳየው፣
እንደዚህ ነበር፤ ከፍ ብሎ።»

እኔም ተቀመጥኩ። የተረፈው ወንበር ከውሻው ፊት ለፊት ነው።
ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ከ«ቁመት» ትይዩ
«የልጅ ክንድ እስከሚደርስ» ብዬ ሞላሁ።
ተመለሰ፦ «በቁጥር ይጻፍ፤ ወንበሮቹም ይሰብሰቡ።»
የሚሰበስባቸው እኔ ነኝ።
በየማለዳው ቁልፉን አነሣና
ነገ እላለሁ።